ከኋላ

ከቫዲክ ነው የገዛሁት፣ ከምድር ቤቱ ጎረቤት፣
መቶ ሃያ ሼቄል ከፍዬ፣ በጫማ ካርቶን ከትቶት፤
አንድ ጆይስቲክ፣ የግራ አውራ ጣቱ የላላ፣
አንድ ዲስክ፣ ድመት የቧጨረው የሚመስል፣ ግን ገና ያልተበላ።

ፕሌይስቴሽኑ ያኔም አርጅቷል። የክፍሌ ልጆች ሁሉ
ሦስተኛውን ይዘው፣ አራተኛውን ይጠብቃሉ፤
እኔ ቂርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ በቆመበት ሕንፃ፣
ሰላይ ነኝ፤ የሰው አገር በረዶ፣ ጥቁር ካፖርት፣ ድምፅ የሌለው ጠመንጃ።

ፊቱን ግን አላውቀውም።
ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ከኋላው ትሄዳለህ፣ ዞሮ አያይህም።
ትከሻውን፣ ማጅራቱን፣ የካፖርቱን ስፌት
ከገዛ መዳፌ ይበልጥ አጠናሁት በዚያ ክረምት።

አባቴ ጓዴ ዘበኛ ነው፣ የሱፐርማርኬቱ በር ላይ፣
"ሻሎም" ብሎ ቦርሳ ከፍቶ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያይ፤
በሳምንት ሁለት ሌሊት ደግሞ የጣውላ መጋዘን።
ከሥራ በፊት ሻዩን ይዞ፣ ሶፋው ላይ ሆኖ ያየናል፣ እኔንና ሰላዩን።
እኔ የሰላዩን ጀርባ፣ እሱ የኔን ጀርባ።
እናቴ ከኩሽና፣ "ዓይናችሁ ሊጠፋ ነው" ትላለች፣ ሳትገባ።

አንድ ማታ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ፣ የኤምባሲው ግቢ ላይ፣
ዘበኛ አለ፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ቀና ብሎ አያይ።
ከኋላው ደርሼ፣ አንገቱን አንቄ፣ ወደ ጥሻው ስጎትተው፣
አባቴ ሻዩን አስቀመጠ።
"ምን አደረገህ? ይሄ ሰው በሰዓት ስንት ነው የሚከፈለው?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።
"ጠዋት የሚተካው ሲመጣስ? የት ሄደ የሚል የለም?"
"ጨዋታ እኮ ነው አባ።" "አውቃለሁ ጨዋታ እንደሆነ።
መደበቅ ያቃተው ሰው ነው፣ ምንጊዜም የጨከነ።"

እጁን ዘረጋ። ምዕራፉን መለስኩና ጆይስቲኩን ሰጠሁት፤
የቱ እንደሚያስሮጥ፣ የቱ እንደሚያስጎነብስ አሳየሁት።
የሚያስሮጠውን ጨርሶ አልነካውም።

"ጠጠር ይናገራል" አለ። አወጣው ወደ ሣሩ ዳር።
ከመብራቱ አሸሸው። ከአጥሩ ጥላ ሥር
አንበረከከው።
ከዚያ ምንም።

ዘበኛው አለፈ። ምንም። ዘበኛው ተመለሰ።
የቤርሼባው ባቡር መጣ፣ መስኮቱን አንቀጠቀጠ፣ ጨረሰ።
ሻዩ ቀዘቀዘ።
የሰላዩ ትከሻ ብቻ፣ ሠሪዎቹ እንዳዘዙት፣
ከፍ ዝቅ ይላል ሲተነፍስ፤ ያባቴም፣ ዞር ብዬ አየሁት፣
እኩል ከፍ፣ እኩል ዝቅ።

"አባ፣ አሁን ባዶ ነው፣ ሂድ!"
"ቆይ።"
"አባ!"
"ዝም በል።"
"ምን ትጠብቃለህ?"
"ውሻው ይተኛ" አለኝ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ጨዋታው ውስጥ ውሻ የለም።
በኋላ እስከ መጨረሻው ሄጃለሁ፣ የምድር ቤቱንም፣ የጣራውንም፣
አንድም ውሻ የለም።

የቱ ድንበር፣ የማን ውሻ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣
ከጎኑ ማን ነበር፣ ሕፃን ነበር ወይ አፉን ያፈኑት፣
አልጠየቅኩም። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።
"ሴቭ ላድርገው?" ብቻ አልኩት።
"እንደሱ ይቆይ" አለ፤ ሰዓቱን አየና ተነሣ።

ጃኬቱን ለበሰ። ጀርባው ላይ በዕብራይስጥ "ጥበቃ" ይላል፣
ቢጫው ከእጥበት ብዛት እየተላጠ፣ አንዱ ፊደል ሊወድቅ ተንጠልጥሏል።
ደረጃውን ወረደ። መብራቱን ሳላበራ መስኮቱን ከፈትኩ።

ከታች መኪና ማቆሚያው፤ አምስት ፋኖስ፣ አንዱ ድርግም የሚል፤
መሐል ለመሐል ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ለማንም የሚቀል።
እሱ ግን
በሣሩ ዳር፣ ከየብርሃኑ ክብ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ፣
ኮቴ ሳያሰማ ሄደ፣ ምሳ ዕቃውን ባንድ እጁ አንጠልጥሎ።

ዞሮ አላየኝም።
እኔም መስኮቱ ላይ እንደቆምኩ፣ ቆይቶ ነው የገባኝ፣
የግራ አውራ ጣቴ፣ ምንም ሳልይዝ፣
ወደፊት ይገፋ ነበር።